አራተኛው መስኮት

ጀዊሪያ ጀላል በምትሠራበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሦስት መስኮቶች ነበሩ። መስኮት አንድ ባለጉዳዩን ወደ መስኮት ሁለት ይልከዋል፤ ሁለት ወደ ሦስት ይመራዋል፤ ሦስት ደግሞ «አንድ ወረቀት ይጎድላል» ብሎ ወደ አንድ ይመልሰዋል። ጀዊሪያ መስኮት ሁለት ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ድምፅዋ ዝግ ያለ ስለሆነ ባለጉዳዮች «እ? ምን አልሽ እህቴ?» እያሉ ጆሯቸውን ወደ መስተዋቱ ያስጠጉ ነበር።

አንድ የሰኔ ማክሰኞ፣ ከሥራ ወጥታ ሽሮ ሜዳ ወዳለው የአባቷ የክር ሱቅ ስትሄድ ዝናብ ያዛትና ከአንድ በር ሥር ተጠለለች። ከበሩ በላይ የተጻፈውን ስታነብ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ በነጭ ፊደል፣ ልክ በእነርሱ ቢሮ አጻጻፍ፣ «መስኮት ቁጥር አራት» ይላል።

«አራተኛ መስኮት ሲከፍቱ ለእኛ አይነግሩንም?» አለች በሆዷ።

ዓይን አፋር ናት፤ ሳይጠሯት ሰው ቤት የምትገባ አይደለችም። ግን የመሥሪያ ቤት ነገር ሆነባት። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ አስተካከለችና ገባች።

ቤቱ ግማሹ የሸማ መሥሪያ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከሽመና ጉድጓዳቸው ሆነው መወርወሪያ ያመላልሳሉ። በሌላው ግማሽ አንድ ጠረጴዛና ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ወንበሮች አሉ። በወንበሮቹ መሀል መስተዋት የሌለው የመስኮት ክፈፍ ከጣሪያ በገመድ ተንጠልጥሏል። ከክፈፉ ሥር አንድ ወጣት ምስማር በጥርሱ ይዞ መዶሻ ይፈልጋል።

«ይቅርታ... እ... ማለቴ፣ የየትኛው ክፍል ነው? ኃላፊው ማነው?»

ወጣቱ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። «ኃላፊው እኔ ነኝ መሰለኝ» አለ።

«ከየት መሥሪያ ቤት?»

«ቤቱ የኔ ነው!» አሉ ሽማግሌው ከጉድጓዳቸው። «ሾዴ እባላለሁ። እሱን ያስጠጋሁት ወሬ እንዲያወራኝ ነበር፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ምስማር ይበላል።»

ወጣቱ ሳቀ። ከዚያ ባጇን ትቶ ፊቷን አየ፤ ሳቁም ቀስ ብሎ ረገበ።

«ድምፅሽን ዐውቀዋለሁ» አላት። «እስቲ "መሸኛ ያምጡ" በይ።»

ጀዊሪያ ደነገጠች። በቀን ሠላሳ ጊዜ የምትለው ቃል ነው። መሸኛ ሰው ከድሮ ሰፈሩ ሲለቅ የድሮው ቀበሌ የሚጽፍለት ደብዳቤ ነው፤ ያለ እሱ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይሰጥም።

«አንተን... እርስዎን አስተናግጄ ነበር?»

«አራት ጊዜ። ሀምዳን እባላለሁ። ብትረሺኝ አልፈርድብሽም። በዚያች ቀዳዳ የሚታየው አገጬ ብቻ ነው።»

አገጩን አየች። ከሥሩ ትንሽ ጠባሳ አለ። እውነትም ታውቀዋለች። አራት ጊዜ መልሳው አራቱንም ጊዜ «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ የሄደው ባለጉዳይ ነው። መልስ ሰጥታው አታውቅም፤ እሱ ቀና ከማለቱ ቀጣዩ ሰው ጎንበስ ይላል። የእናቱ ቤት ለመንገድ ተነሥቶ፣ እናቱ ኮምቦልቻ እህቱ ዘንድ ሄደው፣ እሱ እዚህ ቀርቷል። የድሮ ቀበሌያቸው ከሌላ ጋር ሲዋሃድ ፋይሉ ጠፋ። እዚያ ሲሄድ «ፋይልህ የለም» ይሉታል፤ እዚህ ሲመጣ «መሸኛ አምጣ»።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለች፣ እፍረቷን ለመሸፈን።

«ሥነ ጥበብ ነው። ሠዓሊ ነኝ። መታወቂያ ፍለጋ ስመላለስ ሰልፍ ላይ ብዙ ጊዜ አገኘሁ። ነይ ላሳይሽ።»

ግድግዳው ላይ በከሰል የተሣሉ ሠላሳ ምናምን ሥዕሎች ተደርድረዋል። ፊት ያለው አንድም የለም። ሁሉም ወደ አንዲት ዝቅተኛ ቀዳዳ ያጎነበሰ ጀርባ ነው። የወዛደር ጀርባ አለ፤ የአስተማሪ ኮት አለ፤ ልጅ ያዘለች ሴት አለች፣ የልጁ ጭንቅላት ወደ ጎን ተንጋሎ። ዱላቸውን መሬት አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ግድግዳውን የደገፉ አሮጊት አሉ።

ጀዊሪያ ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሰዎች በፊት በኩል ስታያቸው ኖራለች። ቀዳዳው ዝቅ ብሎ የተቆረጠ መሆኑን ታውቃለች፤ እሷ ተቀምጣ ስለምትሠራ ለእሷ ልክ ነው። በወዲያኛው በኩል ሰው እንዴት እንደሚታጠፍ ግን አይታ አታውቅም።

«እኔ... አላየሁም ነበር።»

«እንዴት ታዪ? አንቺ ካለሽበት ጀርባ አይታይም።»

በድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። የከበዳትም ይኸው ነው።

የመጨረሻው ሥዕል ግን ጀርባ አልነበረም። እስክሪብቶ የያዙ ሁለት እጆች ናቸው፤ የቀኙ መሀል ጣት ላይ የቀለም ጠብታ አለ። ጀዊሪያ ሳታስበው እጇን ከሻርፗ ሥር ደበቀች።

«እኔም በዚያች ቀዳዳ የማየው ይህን ብቻ ነው» አለ ሀምዳን፣ መሬት መሬት እያየ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሁለቱም ልብ አላሉትም።

የመስኮት አራት አሠራር ቀላል ነው። ጎብኚው ከሚያውቀው ሰው ጋር ይመጣል፤ ሁለቱም ይቀመጣሉ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ የሚመልሰውም አብሮት የመጣው ሰው ነው፤ «ይህን ሰው በምን ያውቁታል?» መልሱ ካርድ ላይ ይጻፋል። በፎቶው ቦታ ሀምዳን የካርዱን ባለቤት ፊት ፈጠን ብሎ ይሥላል። ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ክብ ነው። አንዱ ቅጂ ከጋሽ ሾዴ ድር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሌላውን ባለቤቱ ይወስደዋል።

«መንግሥት ስለ ሰው የሚያውቀውና ጎረቤት የሚያውቀው ለየቅል ነው» አላት ሀምዳን። «እኔን መንግሥት አያውቀኝም። ጋሽ ሾዴ ግን ሻይ ውስጥ ስንት ስኳር እንደምጨምር ያውቃሉ።»

«አምስት!» አሉ ጋሽ ሾዴ። «ከሠርግ የተረፈ ስኳር ያገኘ ይመስል!»

በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ጀዊሪያ «በዚህ ሳልፍ ነው» ለማለት ተዘጋጅታ፣ በዚያ በኩል ምንም ጉዳይ ሳይኖራት፣ ብቅ አለች። በሩ ላይ ሃያ ሰው ተሰልፎ አገኘች። ዶሴ የያዘ አለ፤ ወረቀቱን በፌስታል የጠቀለለ አለ። እትዬ ሰርኬ የሚባሉ የቀጨኔ ሴት ራሳቸውን ሹመው ተራ እየመዘገቡ ነው። ሀምዳን ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ይለምናል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቢሮ አይደለም። ሥነ ጥበብ ነው።»

«ይሁና» አሉ እትዬ ሰርኬ። «ሥነ ጥበቡ ስንት ቀን ይፈጃል? ፎቶው ሁለት ነው አራት?»

«አይ፣ ማለቴ... መታወቂያ አንሰጥም።»

«እነሱም እንዲሁ ነው የሚሉት። ግድ የለም ልጄ፣ እንጠብቃለን።»

ሀምዳን ዞር ሲል ጀዊሪያን አያት። ሰምጦ ገመድ እንዳገኘ ሰው ነበር አስተያየቱ። ጀዊሪያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባችና ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀመጠች።

ያን ዕለት ካርዶቹን የጻፈችው እሷ ናት፤ በዚያች ክብ፣ ደርዝ ባላት የእጅ ጽሑፏ። ካርዱን ጽፋ ስትጨርስ ደግሞ ፌስታሉን ታስፈታለች። «ለእርስዎ የሚያስፈልገው የልደት ካርድ ሳይሆን የፍርድ ቤት ወረቀት ነው።» «ይቺን ይያዟት፣ ያቺን ይተዉአት።» ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያወራታል። ፊታቸውን ሙሉውን ታያለች፤ ግንባራቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ሲስቁ የሚታየውን የጎደለ ጥርሳቸውን። ድምፅዋን ለመስማት ማንም ጆሮውን ማስጠጋት አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜና ከሥራ ስትወጣ እዚያ ናት። ሀምዳን ሲሥል ትንፋሹን እንደሚይዝ አወቀች። እሱ ደግሞ ስትናደድ እስክሪብቶዋን ይበልጥ በዝግታ እንደምትከድን አወቀ። ወደ አባቷ ሱቅ ሲሸኛት ሁለት ሱቅ ሲቀር ይቆማል። አይጨባበጡም፤ «በቃ ደህና ዋይ»፣ «ደህና ዋል»። ከዚያ ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ ትንሽ ይቆያሉ፤ ሚኒባስ ጥሩንባ ነፍቶ እስኪያባርራቸው።

አንድ ነገር ግን ሳትነግረው ቆይታለች። አንድ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነገረችው።

«ቢሯችን ሳጥን ውስጥ አንድ መመሪያ አለ። ፋይሉ የጠፋበት ሰው፣ ሦስት የወረዳው ነዋሪዎች ቀርበው ከመሰከሩለት፣ መሸኛ አያስፈልገውም ይላል። አለቃችን አቶ ፈድሉ "ይሄን ለሕዝብ ካወራችሁት ሰልፉ ሸጎሌ ይደርሳል" ብለው ነበር። እኔም ዝም አልኩ።»

ሀምዳን የያዘውን ከሰል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አራቱንም ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አሁን ነገርሽኝ?»

«አሁን ፊትህን ስላየሁት።»

ሀምዳን የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «በአገጬ ብቻ ብንቀር ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

በማግስቱ ጋሽ ሾዴና እትዬ ሰርኬ ያለ ልመና «እንመሰክራለን» አሉ። አንድ ሰው ቀረ።

«እኔ እንዳልሆን የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መመስከር አይፈቀድለትም» አለች ጀዊሪያ።

«ይገኛል» አለ ሀምዳን። «ይህ ሁሉ ሰው እያለ?»

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሰርኬ መስኮት አንድ ላይ ጎንበስ ብለው ካርዳቸውን አስገቡ። «መስኮት አራት ጨርሻለሁ» አሉ በኩራት። «መታወቂያዬን ለማሳደስ የቀረኝ ማኅተሙ ብቻ ነው።»

በኋላ በኩል ሲያልፉ የነበሩት አቶ ፈድሉ ቆሙ። ካርዱን ተቀብለው አነበቡ። «እትዬ ሰርኬን የማውቃቸው፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ቤቴ ሰንብተው ልቅሶ የመጣውን ሁሉ ያስተናገዱ ናቸውና ነው» ይላል የጎረቤታቸው ቃል። አቶ ፈድሉ አንብበው ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡ። ከዚያ ወደ መስኮት ሁለት ዞሩ።

«ይህቺን ፊደል ዐውቃታለሁ» አሉ። «ተነሺ ጀዊሪያ። አራተኛውን መስኮታችንን አሳዪኝ።»

ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስከትለው ገቡ። አቶ ፈድሉ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብዙ ዓመት ሙሉ ሰው የጮኸባቸው ሰው ነበሩ። ጀርባዎቹ ፊት ቆም ብለው አዩ። ከዚያ ሀምዳንን ጠየቁት።

«መታወቂያህን።»

«የለኝም።»

«እንግዲህ መታወቂያ የሌለው ሰው ነው መታወቂያ የሚያድለው!»

«መታወቂያ አይደለም አቶ ፈድሉ። ማኅተም እንኳ የለውም።»

«ሕዝቡ ማኅተሙን ከእኔ እየጠየቀ ነዋ!» ካርዱን ከፍ አደረጉ። «ይህን ማን ጻፈው? ይህቺን ልጅ ታውቃታለህ?»

ጀዊሪያ በሩ ሥር ቆማለች። «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ እንደ ልማዱ ዘገየ። ሀምዳን ቀደማት። አላያትም።

«አላውቃትም» አለ።

ጋሽ ሾዴ መወርወሪያቸውን አቆሙ።

«እሷ ዝም ትላለች፣ አንተ አላውቃትም ትላለህ» አሉ አቶ ፈድሉ። «ካርዱ ራሱን ጻፈ? ጥሩ። እስከ ሐሙስ መታወቂያህን ይዘህ ና፤ ከዚያ በሕግ ፈቃድ ትጠይቃለህ። ካልሆነ ቤቱ ይታሸጋል።»

«ከነሸማዬ?» አሉ ጋሽ ሾዴ።

«ከነሸማዎት፣ አባቴ። ምን ላድርግ?»

ለጀዊሪያ ደጅ ላይ ነገሯት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጉዳዩ እስኪጣራ ታግዳለች፤ ደብዳቤውን ከሥራ ባልደረባዋ ከሰምሀል ትውሰድ።

ለምን እንደካዳት ታውቃለች። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቢሮ፣ ከቢሮ እስከ ቤት ለራሷ ደጋግማ ነገረችው። ቃሉ ግን አብሯት ይሄድ ነበር። አላውቃትም። ሲሥላት የከረመ፣ የጣቷን ቀለም ሳይቀር ያየ ሰው።

አባቷ አቶ ጀላል ክር እየመዘኑ ሰሟት። ሥራዋ የእሳቸው ኩራት ነበር፤ ደንበኛ ሁሉ «የመንግሥት ሠራተኛዋ ልጅዎ እንዴት ናት?» እያለ ነው የሚገባው።

«በሰው ጉዳይ ምን አገባሽ ልጄ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሥራዬ የሰው ጉዳይ ነው፣ አባ።»

አቶ ጀላል ክሩን ከሚዛኑ አወረዱ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሾዴ ማግ ሊገዙ መጡ። ለብዙ ዓመት የአቶ ጀላል ደንበኛ ናቸው። ጀዊሪያ ከክር ቁልል ኋላ ሆና ትሰማለች።

«ሰፈሩን አዳረስኩት» ይላሉ ጋሽ ሾዴ። «ሁሉም "እናውቀዋለን፣ ጨዋ ልጅ ነው" ይላል። "እንግዲያስ ና ፈርም" ስለው ጎረምሳው ሁሉ ወገቡን ይይዘዋል። አንተስ ጀላል?»

«የማላውቀውን አልመሰክርም፣ ሾዴ። ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ክሬን ካንተ የምገዛው።»

ሲወጡ ከቁልሉ አጠገብ ቆም አሉ። «ልጄ፣ እንጀራሽ እንዳይሄድ ብሎ ነው የካደሽ።»

«አውቃለሁ ጋሽ ሾዴ። ግን ጆሮ የሰማውን ልብ ቶሎ አይለቅም።»

«እኛም ሸማ ስንሠራ ክር ይበጠሳል። ጨርቁን ግን አንቀድም፤ እንቋጥረዋለን። ቋጠሮው በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል፣ አልዋሽሽም። ጋቢው ግን ያሞቃል።»

ከሄዱ በኋላ ጀዊሪያ የእግድ ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አወጣች። እስከዚያ ድረስ ከመጀመሪያው መስመር አልፋ ማንበብ አልቻለችም ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛነት ኃላፊነትና መብት በሙሉ እንዳይጠቀሙ ታግደዋል።» ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግ አለች።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰለፈች። እትዬ ሰርኬ እዚያም ተራ ይመዘግባሉ፤ ሠላሳ አንድ ደረሳት። ከፊቷ ሠላሳ ጀርባ አለ። ሀምዳን ከጋሽ ሾዴ ጋር ከመስኮት ሁለት አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ ምስክሮች ቀድመው ፈርመዋል፤ ቅጹ ላይ የሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ጀዊሪያን ሲያያት በጭንቅላቱ «አይሆንም፣ ሂጂ» አላት። ወደ ሌላ ዞራ አየች።

ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ አለች። ቀዳዳዋ ካሰበችው በላይ ዝቅ ያለች ናት፤ ወገቧ ተያዘ፣ ሻርፗ ግንባሯ ላይ ወረደ። ከመስተዋቱ ወዲያ የሚታየው በእሷ ወንበር የተተካችው የሰምሀል እስክሪብቶ የያዘ እጅ ብቻ ነው።

«ስም?»

«ጀዊሪያ ጀላል።»

እጁ ቆመ። «ጀዊ? እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምስክር ነኝ። ለሀምዳን ኑሕ። ሦስተኛዋ።»

ከውስጥ የአቶ ፈድሉ ድምፅ መጣ። «የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መመስከር አይችልም፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ግን ሰኞ አግደውኛል።» ደብዳቤውን በቀዳዳው አሾለከችው። «ዛሬ ሠራተኛ አይደለሁም። የወረዳው ነዋሪ ነኝ። እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። አቶ ፈድሉ የራሳቸውን ፊርማ እያዩ መሆናቸው ነው።

«ጻፊላት» አሉ ሰምሀልን። «ምን ታዪኛለሽ? መመሪያ መመሪያ ነው።»

ሰምሀል ከቅጹ ላይ አነበበች። «ምስክሩ ግለሰቡን በምን ያውቁታል?»

ጀዊሪያ ጀመረች፤ ሰምሀል አቋረጠቻት። «አይሰማም ጀዊ። ጮክ በይ።»

ስለዚህ ጮክ አለች። በሕይወቷ ጮክ ብላ የማታውቅ ልጅ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ ጎንብሳ መሰከረች።

«በአገጩ» አለች። ሰልፉ ሳቀ፤ እሷ ቀጠለች። «መጀመሪያ በአገጩ ነበር። አራት ጊዜ ወደዚህ መስኮት መጣ፣ አራት ጊዜ መለስኩት። መንገድ እንዳለው እያወቅኩ መለስኩት። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሻይ ውስጥ አምስት ስኳር ይጨምራል። ሰው ሲሥል ትንፋሹን ይይዛል። ልጅ ያዘለች ሴት ከመጣች ወንበሩን ራሱ ያቀርብላታል። ሦስት ዓመት እዚያ ተቀምጬ ያላየሁትን ያሳየኝ እሱ ነው። ሰኞ ዕለት ደግሞ አቶ ፈድሉ ፊት "አላውቃትም" ብሏል።»

ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልወረደም።

«ዋሽቷል። ያውቀኛል። እኔ እንዳልጎዳ ብሎ ነው። ይህም ይጻፍልኝ።»

«ውሸቱም ይጻፍ?» አሉ አቶ ፈድሉ።

«ይጻፍ። ከሁሉ ይልቅ የማውቀው በእሱ ነው።»

ማንም አልሳቀም። የሰምሀል እስክሪብቶ ወረቀቱን ሲጭር ይሰማል። ቅጹ በቀዳዳው ወጣ፤ ፈረመች፤ ተመለሰ። ከዚያ ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሲመታ ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ቀና ስትል ወገቧ ታመመ። ሀምዳን አጠገቧ ቆሟል። ወደ ግቢው ዛፍ ሥር ወጡ።

«ለምን መጣሽ?» አላት። «ጭራሽ ቢያስወጡሽስ?»

«አንተስ "አላውቃትም" ስትል ጠይቀኸኝ ነበር?»

መሬት አየ። «አልጠየቅኩሽም።»

«ሁለተኛ እንዳትለኝ።»

«ሁለተኛ አልልም። ወላሂ።» ከዚያ ድሮ በቀዳዳው በኩል ይል እንደነበረው፣ በዚያው ድምፅ፣ «አላህ ይስጥልኝ» አላት።

ለአራቱ ያልመለሰችውን ሁሉ በአንድ ላይ መለሰችለት።

«አሚን።»

መስኮት አራት አልታሸገም። ፈቃዱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ አቶ ፈድሉ ግን ከሰማያዊው ቆርቆሮ ሥር «ይህ ቢሮ አይደለም» የሚል እንዲጻፍ አዘዙ። ሀምዳን በትልልቅ ፊደል ጻፈው። ሰው ያነበውና ይሰለፋል። ጀዊሪያ ከማስጠንቀቂያ ጋር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በተመለሰች በማግስቱ ያንን የመመሪያ ገጽ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ማንም አላወረደባትም። ሰልፉም እንደተፈራው ሸጎሌ አልደረሰም። አንድ ሰኞ ደግሞ ከመስኮት ሁለት ውጭ በኩል፣ ለባለጉዳይ፣ አንድ ወንበር ተቀምጦ ተገኘ። ከአቶ ፈድሉ ቢሮ አንድ ወንበር ጎድሏል። ማንም አልጠየቃቸውም።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የሀምዳን እናትና አጎት ከኮምቦልቻ መጡ፤ ጋሽ ሾዴን ይዘው ለሽምግልና አቶ ጀላል ዘንድ ገቡ። አቶ ጀላል በደንብ አዳመጧቸው፤ ከዚያ «ልጄን ላናግራት» ብለው ጀዊሪያን ወደ ጓዳ ጠሯት።

«እኔ የማላውቀውን አልመሰክርም» አሏት። «አንቺ ንገሪኝ። ይህን ልጅ በምን ታውቂዋለሽ?»

ጀዊሪያ ፊቷ ቀላ። ያን ዕለት በመስኮቱ የተናገረችውን ለአባቷ በቃሏ ልትደግመው አልቻለችም፤ ድፍረቷ ለዚያች አንድ ቀን ብቻ ነበረች። ቁምሳጥኗን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣችና ሰጠቻቸው። የምስክርነቷ ቅጂ ነበር።

አቶ ጀላል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው በሁለት እጃቸው መለሱላት።

«ማኅተም አለው» አሉ። ዓይናቸው ረጥቧል። «እኔ ምን እጨምራለሁ? አልሐምዱሊላህ።»

ጀዊሪያ ለሀምዳን ሌላ የፍቅር ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም። ያለቻት ያቺ አንዲት ናት፤ በወረዳው የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ቁጥር ወጥቶላትና ተመዝግባ ትኖራለች። ሀምዳን ለጉዳይ ሲሄድ ፋይሉ ይወጣል። በመስኮቱ የተቀመጠችው ልጅ፣ ማንም ትሁን ማን፣ ገጾቹን ስታገላብጥ አንዱ ጋ ስትደርስ ትዘገያለች። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በቀዳዳው በኩል አገጩን ታያለች።